የአምናው ዓሣ

ሎሬኒ ሹልዝ ካዬራ የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር በገባች በመጀመሪያው ክረምት አንድ ዓሣ ተከለከለች። ነገሩ ይኸው ነው። የተቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ሴትዮዋ የመጣችው ከደጋው ነበር፤ አሳማ ከሚረባበት፣ በአውቶቡስ ሙሉ ሌሊት ከሚያስኬደው አገር። ባሏ አርኖ ሲሞት አሳማዎቹን ሸጠች። መኖ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ለዓመታት ስታየው የኖረችውን ባሕር ፍለጋ ወረደችና ከአሸዋው ክምር ጀርባ ሁለት ክፍል ያለው የእንጨት ቤት ገዛች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ትከሻዋ ሰፊ፣ እጇ ሻካራ፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። የካዬራ ሰዎች ደግሞ ሲያወሩ ይፈጥናሉ፤ ነገሩን ሳይጨርሱት ይስቃሉ። ግማሹ አይገባትም ነበር።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አጥር ማጠር ነው። በአገሯ መሬት የገዛ ሰው ያጥራል፤ ካላጠረ የጎረቤት አሳማ ጓሮውን ይገለብጠዋል። እሾሃማ ሽቦ ወጠረች። ሽቦው የዘጋው፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ከመጠለያው ወደ ባሕሩ የሚጎትቱበትን መንገድ መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም። በማግስቱ ሎሪቫል መጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ። የመረቡ አለቃ እሱ ነው፤ ታንኳዋም የእሱ ናት። ቀይ ፊት ያለው፣ ወፍራም፣ በብርዱም በሙቀቱም በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው።

«እዚህ አሳማ ልታረቢ ነው?» አላት።

«ግቢዬን ነው ያጠርኩት።»

«ባሕሩንስ መቼ ነው የምታጥሪው?»

ከኋላው የነበሩት ወንዶች ሳቁ። ሎሬኒ ምክንያቱ ሲገባት በዚያው ቀን ሽቦውን በእጇ ነቅላ ጠቀለለችው። ጉዳዩ ያለቀ መሰላት። ሎሪቫል ዘንድ ግን አላለቀም።

ታይኛ የክረምት ዓሣ ነው። የደቡቡ ነፋስ ሲነሣ ብርዱን ሸሽቶ በመንጋ ዳርቻ ዳርቻውን ይሄዳል። ያን ጊዜ መንደሩ ሥራ ይፈታል። ጉብታው ላይ የተቀመጠው ተመልካች መንጋውን ሲያይ ካፖርቱን ያወዛውዛል፤ ታንኳዋ ወጥታ መረቡን ዙሪያውን ትጥላለች፤ የመረቡ ሁለት ገመዶች ወደ አሸዋው ይመጣሉ። ከዚያ ያገኘ ሁሉ ይጎትታል። ዳቦ ጋጋሪውም፣ ቄሱም፣ ለዕረፍት የመጣው እንግዳም። ገመዱን የነካ ሰው ዓሣ ይዞ ይሄዳል። ይህ ሕግ በካዬራ የተሻረበትን ቀን የሚያስታውስ አልነበረም።

በዚያ ዓመት የመጀመሪያው መንጋ ሲመጣ ሎሬኒም ሮጠች። እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ገብታ ጎተተች። ገመዱ መዳፏን ላጠው። መረቡ ሲወጣ አሸዋው በዓሣ ተንፈራገጠ፤ ሰው ጮኸ፣ እሷም ጮኸች። ከመጣች ወዲህ ጮኻ አታውቅም ነበር።

ሎሪቫል ማከፋፈል ጀመረ። ለጋጋሪው። ለቄሱ። ለሁለት እንግዶች። እሷ ጋ ሲደርስ እጇን ዘረጋች። ዓሣውን አንሥቶ አሳያትና በራሷ ላይ አሳልፎ የቀዛፊው የዴካ ቡናማ ውሻ ወዳለበት ወረወረው። ዓሣው አሸዋው ላይ ሳያርፍ ውሻው ነከሰው።

«ይሄ ቢያንስ አጥር አያጥርም» አለ ሎሪቫል።

ብዙዎቹ ሳቁ። ያልሳቁትም ዝም አሉ። ሎሬኒ የሳቁትንም ዝም ያሉትንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ውኃ የሚያንጠባጥብ ቀሚሷን ጨምቃ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቂም ታውቃለች። ቂሟን እንደ አሳማ ሥጋ ጢስ ላይ ሰቅላ ነው የምታቆየው፤ ቶሎ አይበላሽም። በዚያ ሳምንት ብዙ አሰበች። አሳማ የምታርድበት ቢላዋ ከደጋ አብሯት መጥቷል፤ መረቡን መቀዳደድ ትችላለች። ግን መረብ ይጠገናል። ታንኳዋን ማቃጠል አለ፤ ያ ደግሞ እስር ቤት ያስገባል። እሱ የነሣት አንድ ዓሣ ነው። እሷ የፈለገችው ሁሉንም ልትነሣው ነው፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ያገኘችው ሳትፈልግ ነው። ተመልካቹ አቤሊኖ ጎረቤቷ ነው፤ ሰላምታዋን የሚመልስ አንድ ሽማግሌ። አንድ ጠዋት ከደጋ የተላከላትን የጥድ ፍሬ ጠብሳ ጉብታው ላይ ወሰደችለት። የእግሯን ኮቴ ሲሰማ፣

«ቫልዴቴ፣ ዛሬስ ቀደምሽ» አላት።

ቫልዴቴ የልጁ ሚስት ናት፤ የሎሬኒን ግማሽ አታህልም። ሎሬኒ ቀርባ ፊቱን አየች። ዓይኖቹ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ተጋርዷል።

«ቫልዴቴ አይደለሁም።»

ሽማግሌው መንደሩ ባወጣላት ስም ጠራት። «አሳማዋ ነሽ?»

«አሳማዋ ነኝ።»

«በይ ቁጭ በይ። ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

ከካቻምና ጀምሮ አያይም ነበር። ወፍ ሲንጫጫ ይሰማል፣ ነፋሱን ያሸታል፣ የቀረውን ይገምታል። እስከዚያ ቀን ዕድሉ ረድቶታል። «ከዚህ ካወረዱኝ፣ ወጥ ቤት ተቀምጬ የቫልዴቴን ሬዲዮ እየሰማሁ ነው የምሞተው» አላት።

ሎሬኒ አላጽናናችውም። «መንጋው ሲመጣ ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀች።

«ውኃው ላይ የወይን አተላ የመሰለ ጥላ ታያለሽ። የደመናም ጥላ እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ ዓሣ ሲፈልግ ይቆማል፣ ሲፈልግ ይታጠፋል። ደመና አይታጠፍም።»

ከዚያ በኋላ በየማለዳው አብራው ትወጣ ጀመር። ፍል ውኃ በፔርሙስ ይዛ፣ የደጋ ሰዎች የሚጠጡትን ማቴ የተባለ የቅጠል ሻይ በትንሽ ቅል ዘፍዝፋ፣ በአንድ መምጠጫ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። እሷ ታያለች፣ ትነግረዋለች፤ እሱ ተነሥቶ ካፖርቱን ያወዛውዛል። መንደሩ ሌላ ነገር ነው ያየው።

«እትዬ አሳማ ሽማግሌውን ልታገባው ነው አሉ» ይላል ጋጋሪው።

«እሱን ነው ቤቱን?» ትላለች ቫልዴቴ።

ሎሪቫል ደግሞ ከታች ሆኖ፣ «አቤሊኖ ዘንድሮ ዓይኑ ወጣት ሆኗል፤ ፍቅር ነው!» እያለ ያስቃል። እሷ ባሳየችው መንጋ እየሳቀ መረቡን ይሞላል። አንድ ቀን እንኳ፣ ለተመልካቹ ጓደኛ ይሁን ብሎ አንድ ዓሣ አልላከም። ሎሬኒ ትንንሾቹን መንጋዎች ሁሉ ሰጠችው። ትልቁን ትጠብቃለች።

ትልቁ የመጣው በቅዱስ ጴጥሮስ ዋዜማ ነው። የአጥማጆቹ በዓል ነው፤ ድግሱ የሚደገሰው ከዚያ ሰሞን በሚያዘው ዓሣ ነው። ነፋሱ ሌሊቱን ሲያናፋ አድሮ ጠዋት ቆመ። ቀዛፊዎቹ ታንኳዋ ጥላ ሥር ዶሚኖ ይጫወታሉ። ሎሬኒ ወደ ደቡቡ ጫፍ ስታይ ጥላው ገባ። ሰፊ ነው። እስካሁን ያየቻቸው ሁሉ ተደምረው አያክሉትም። መጣ፣ ቆመ፣ ታጠፈ።

«ምን አለ?» አለ አቤሊኖ።

«ደመና ነው።»

ወፎቹ ከታች ይንጫጫሉ። ሽማግሌው ጭንቅላቱን ወደ ድምፃቸው አዘነበለ።

«ይታጠፋል?»

«አይታጠፍም።»

ካፖርቱ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ጥላው ከተቀመጡበት ጉብታ ሥር አልፎ የሰሜኑን ጫፍ ዞረ። ሎሬኒ ማቴ ቀዳች። ደስ አላት፤ ከአርኖ ሞት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ከቀትር በኋላ ከጎረቤቱ ዳርቻ ከሳኮ ርችት ተተኮሰ። አንድ፣ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያ ማቆሚያ አጣ። ርችት የሚተኮሰው መረቡ ሲሞላ ነው። ዴካ ስልኩ ላይ የመጣለትን ፎቶ አየና ለሎሪቫል ሰጠው። የሳኮ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ዓሣ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። የጭነት መኪና ሁሉ አስጠርተዋል።

ሎሪቫል ጉብታውን እየሮጠ ወጣ፤ ቀዛፊዎቹ ተከተሉት።

«አንተ ሽማግሌ! ባፍንጫህ ሥር አለፈ እኮ! ተኝተህ ነበር?»

ሎሬኒ ይህን ፊት ነበር የጠበቀችው። ቀልቶ ጠቁሯል። ልታጣጥመው ስትል አቤሊኖ ተነሣ።

«አላየሁም» አለ። «ዓይኔ ጠፍቷል፤ ከካቻምና ጀምሮ።» ካፖርቱን ዘረጋለት።

በእሷ ላይ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሎሪቫል ካፖርቱን ነጥቆ መሬት ላይ ጣለው። «ታዲያ እስከዛሬ የተመልካች ድርሻ ስትበላ የኖርከው በምንህ እያየህ ነው? አንተ ሌባ!»

ይህን አላሰበችውም ነበር። ዱላው የሰነዘረችበትን ትቶ ሽማግሌው ላይ አረፈ።

«እኔ አይቻለሁ» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ከደቡቡ ጫፍ ሲገባ አየሁት። እዚህ ሥር ቆሞ ታጠፈ። ጋሽ አቤሊኖ ሲጠይቁኝ ደመና ነው አልኳቸው።»

«ለምን?» አለ ሎሪቫል። ከልቡ ነበር የጠየቀው። ረስቶታል። ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ይኸ ነው።

«ገመዱን ጎትቼ ነበር» አለች። «እጄን ዘርግቼልህ ነበር።»

ሎሪቫል አሁንም አልገባውም። የገባው ዴካ ነው፤ በሳቅ ፈነዳ። «ዓሣው! የውሻዬ ዓሣ ነው እኮ የምትለው!»

«ለአንድ ዓሣ?» አለ ከቀዛፊዎቹ አንዱ። «ሎሪቫል፣ ለአንድ ዓሣ ብለህ ነው በዓሉን ያስበላኸን?»

«እኔ ነኝ? እሷ ናት እንጂ! ዓይናችሁ እያየ—»

«ገመድ የጎተተን ሰው ማን ከልክል አለህ? አባትህ እንኳ ይህን አላደረገም!»

እሷንም አልማሯትም። አንዱ ጠንቋይ አላት፤ ሌላው እግሯ ሥር ተፋ። እየተሰዳደቡ ወረዱ። ማታ መጠጥ ቤቱ ውስጥ የሎሪቫል ስም «አንድ ዓሣ» ሆነ። ካዬራ ውስጥ የወጣ ስም መቃብር ድረስ ይከተላል። ለሎሬኒም ወጣላት፤ አሳማዋ ቀረና «እትዬ ደመና» ተባለች።

ያን ክረምት ማንም አላናገራትም። ጋጋሪው ዳቦዋን ባንኮኒው ላይ ገፍቶላት ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን የመስኮቷን መስተዋት ሰበሩባት፤ አዲስ ገዝታ ገጠመች። አቤሊኖም በሩን አልከፈተላትም። ብርዱ ሲያልፍ፣ አንድ ጠዋት ግድግዳውን እየዳበሰ ራሱ መጣ።

«ውኃው ፈልቷል?»

አስገብታ ቅሏን እጁ ላይ አደረገችለት። ብዙ ጠጣ።

«ወፎቹን ሰምቻቸው ነበር» አለ። «እንደዚያ የሚንጫጩት ለደመና አይደለም።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ዝም አሉ?»

«የሎሪቫል አባት የመረቡን መጠለያ የሠራው በእኔ መሬት ላይ ነው። ቂም የምታውቂው አንቺ ብቻ መሰለሽ?»

ሎሬኒ ሳቀች። ሽማግሌው አልሳቀም። «ስድቡን ግን እኔ በላሁልሽ» አላት፤ «ቅዱስ ጴጥሮስ ይቁጠርብሽ» ብሎ ቅሏን መለሰላት።

በሚቀጥለው ዓመት ነፋሱ መዞር ሲጀምር ዴካ በሯ ላይ ቆመ፤ ውሻውም ከኋላው።

«እትዬ ደመና፣ ጉብታው ላይ ማን ይውጣ ብለን ተመካከርን። እንዳንቺ የሚያይ የለም። ደግሞ አኩርፈሽ ከምትቀመጪ ከእኛ ጋር ብትሆኚ ይሻለናል።»

«ሎሪቫልስ?»

«አንድ ዓሣ? እምቢ ካለ ማን ይቀዝፍለታል!»

«ጋሽ አቤሊኖም አብረውኝ ይወጣሉ» አለች። «ድርሻዬን ደግሞ ሎሪቫል ነው የሚሰጠኝ። በእጁ።»

የመጀመሪያው መንጋ ሲመጣ ካፖርቱን አወዛወዘች። መረቡ ሲወጣ ከጉብታው ወረደችና ገመድ ከጎተቱት ጋር ተሰለፈች። ሎሪቫል ለጋጋሪው ሰጠ። ለቄሱ ሰጠ። እሷ ጋ ሲደርስ፣ ፊቷን ሳያይ ዓሣ ዘረጋላት። በግራ እጇ ተቀበለችው። ቀኟንም ዘረጋች።

«የአምናውስ?»

ሎሪቫል ወደ ሰዎቹ ዞረ። ማንም አልሳቀም። አምና የሳቁትም ያልሳቁትም እጁን ይመለከቱ ነበር። ወደ ራሱ ክምር ሄዶ ጎንበስ አለ። አንድ አነሣ። ሎሬኒ ራሷን ነቀነቀች። ያንን ጥሎ ወፍራሙን፣ ሆዱ በዕንቁላል የተወጠረውን አመጣላት።

መዘነችው። ከዚያ አፏጨች። የዴካ ውሻ አሸዋውን እየበተነ መጣ።

ወረወረችለት፤ አሸዋው ላይ ሳያርፍ ነከሰው።

የዘንድሮውን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።