መስኮቷ ሥር የሚተኛው ሰው

የያዙኝ ቀን የፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ሕጉማ አለ» ብሎ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ስንት ዘመን ሥነ ዜጋ ሳስተምር የአገሬን ሕግ እንዲህ አሳጥሮ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ክፍሉ በሰው ታጭቋል፤ የላብና የሽንት ሽታ ገና ከበሩ ይቀበላል። አየር የሚገባው ጣሪያው ሥር ባለች አንዲት ትንሽ መስኮት ነው። እሷ ሥር መተኛት የካቦው፣ የእስረኞች አለቃ፣ መብት ነበር። ካቦውን የምንመርጠው እኛው ነን፤ ዘመኑ አንድ ወር ነው፤ አይደገምም። የተጻፈውን የአገር ሕግ የሚያከብር ጠፍቶ፣ የትም ያልተጻፈው የእኛ ሕግ ዝንፍ አይልም ነበር።

ስገባ ካቦው የወሎ ሰው ነበሩ፤ የቀድሞ ዳኛ። «ይፈታ» ብለው የፈረዱለትን ሰው ፖሊስ አልፈታም ሲል ዝም ባለማለታቸው ነው የታሰሩት። አስም አለባቸው። ወራቸው ሲያልቅ ሁላችንም ይቀጥሉ ብለን ለመንናቸው።

«ወንበር ላይ የቀረ ሁሉ ለምነውኝ ነው ይላል» አሉና ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወደ ጥግ ሄዱ።

በእሳቸው ቦታ እኔ ተመረጥሁ። መስኮቷ ሥር ተጋደምሁ እንጂ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከጥጉ ደረታቸው ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማኛል። ጠዋት ቦታዬን ልልቀቅልዎት ብላቸው የአለቃ ችሮታ አልፈልግም አሉ። ተናደድሁ። በግትርነታቸው ሊሞቱብን ነው ብዬም ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ ሳሰላስል ዋልሁና ሁሉንም ሰብስቤ፣ ከእንግዲህ መስኮቷ ሥር የሚተኛው አለቃ ሳይሆን የታመመ ሰው ይሁን አልሁ። ሁሉም ተስማማ። ዳኛው ግን ገና አልጨረሱም።

«እኔ ከተሻለኝስ?»

«ይነሳሉ።»

«የምንጠላው ሰው ቢታመምስ?»

«እሱም ይተኛል።»

«እንግዲያው ሕግ ነው» አሉ። ምንጣፋቸውን ይዘው፣ ማንንም ሳያመሰግኑ፣ መጥተው ተኙ።

አሁን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው የምኖረው፤ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው ያለን ያገር ልጆች እድር አለን፤ ሰብሳቢው እኔ ነበርሁ። ደንባችን ሰብሳቢ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላል፤ ደንቡን ካጸደቅነው ወዲህ ያነበበው ያለ አይመስለኝም። ዘመኔ ሲያልቅ ምርጫ ይደረግ ብል ተሳቀ። «ጋሼ፣ ማን ቼክ ያደርገናል? ዝም ብለው ኮንቲኒው ያድርጉ» አሉኝ። ከልባቸው ስለሚወዱኝ ነው። እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

አሻፈረኝ አልሁ። ትራክ የምትነዳ አንዲት ወጣት ተመረጠች። በመጀመሪያው ስብሰባዋ፣ እንደ ልማዴ ከመሃል ገብቼ ማብራራት ጀመርሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፤ መናገር ከፈለጉ እጅዎን ያውጡ» አለችኝ።

 ሰዉ ሁሉ የምቆጣ መስሎት ያየኛል። እኔ ግን ደስታዬን የት ላድርገው። እጄን አወጣሁና ተራዬን ጠበቅሁ።