የሃምሳ አለቃ ደምሴ መርዶ

የጉዞው ትእዛዝ የደረሰን ከቀትር በኋላ፣ ምሽጋችን ውስጥ ደረቅ ብስኩት በውሃ እየነከርን ስንበላ ነው። ሌሊቱን ተጉዘን ሲነጋጋ ከፊታችን ያለውን ጉብታ እንድንይዝ ተባልን። ጉብታው ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። እኛ «ራሰ በራው» እንለው ነበር፤ ዛፍ የሚባል አልቀረበትም።

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ወልቂጤ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ስለ ጀግንነት ይጠይቁኛል። እኔ ግን ከግንባር ይዤ የመጣሁት የአንድ ሰው ነገር ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ሃምሳ አለቃ ደምሴ የጓድ መሪያችን ነበር፤ የቡታጅራ ልጅ። እኔ ምክትሉ ነበርኩ። ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሲያለቅስ ማየት ግን አይወድም። «የወንድ ልጅ እንባው በሆዱ ነው» ይላል። ይህን የሚለው በተለይ ለማቴዎስ ነበር። ማቴዎስ ከእምድብር የመጣ ካቶሊክ፣ የጓዱ ብሬን መትረየስ ተኳሽ ነው። ሲጸልይ እንባው ይወርዳል። አይደብቀውም፤ በእጁ ጀርባ ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሲተኩስ ደግሞ እጁ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ብንስቅበትም አንንቀውም ነበር።

ትእዛዙ እንደወረደ ሻምበላችን አስጠራኝ። በዚያ ሰዓት ስልክ የነበረው እሱ ብቻ ነው። የደምሴ ሚስት ወንድም ከቡታጅራ ደውሎ ኖሯል። የደምሴ ሚስት የሺ በወሊድ ሞታለች። ሕፃኗ ተርፋለች። ቀብሩም ተፈጽሟል።

«የአገሩ ልጅ አንተ ነህ» አለኝ ሻምበሉ። «ጉብታውን ከያዝን በኋላ ትነግረዋለህ። አሁን አይሆንም።»

ብቻዬን መሸከም አቃተኝና ለማቴዎስ ነገርኩት።

«ነገ ቢሞትስ?» አለኝ። «ሚስቱን ሳያለቅስላት ይሂድ?»

«ሰምቶ ልቡ ቢሰበርስ? አሥር ሰው ነው የሚመራው።»

«የተሰበረውማ ተሰብሯል። ያላወቀው እሱ ብቻ ነው።»

በአገራችን መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። እኛ ሁለት ነበርን። ደምሴ ጠመንጃውን ይወለውላል። ፊት ለፊቱ ቁጭ አልንና፣ «ደሜ፣ የሺ አርፋለች» አልኩት።

እጁን አላቆመም። «ሕፃኑስ?» አለ።

«ሴት ናት። ደህና ናት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ይኸው ነበር። ማቴዎስ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ደምሴ ቀና ብሎ አየው።

«ተው ማቴዎስ። በኔ ሐዘን አንተ ምን አገባህ?»

«አንተ ካላለቀስክላት ማን ያልቅስላት? ጌታ ራሱ አልዓዛር መቃብር ላይ እንባውን አፍስሷል።»

«እሱ ሊያስነሳው ይችል ነበር» አለ ደምሴ። «እኔ አልችልም። ተነሱ፤ ዕቃችሁን አዘጋጁ።»

ሲነጋጋ ከጉብታው ሥር ነበርን። መድፋችን ጥቂት ደበደበ። ዝም ሲል ወጣን። ከቀኝ በኩል ዲሽቃ መትረየስ ተከፈተብን። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ አይቆፈርም። ሁለት ልጆች ከአጠገቤ ወደቁ። አልቆምንም። ማቴዎስ ብሬኑን ቋጥኝ ላይ አስደግፎ ሸፈነን። በሱ ሽፋን የመጀመሪያውን ምሽግ ያዝን። ሁለተኛውን በእጅ ቦምብ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ጉብታው የኛ ሆነ። ከዚያ ሞርታር ይወርድብን ጀመር።

ማቴዎስን ሆዱ ላይ መታው። ቃሬዛ አልነበረም። ደምሴ አዘለው፤ እኔ ከኋላ ደገፍኩት። ቁልቁለቱን ስንወርድ በአገሩ ቋንቋ እናቱን ይጠራ ነበር። ከዚያ በአማርኛ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ለአባቴ አንተ ንገርልኝ» አለ። ግርጌው ሳንደርስ ዝም አለ።

«አልፏል፤ አውርደው» አልኩት።

«ዝም በል» አለኝ ደምሴ። ሕክምና ጣቢያው ድረስ ተሸከመው። ማታ ስንቀብረውም የደምሴ ዓይን ደረቅ ነበር።

ጦርነቱ ሲበርድ ሁለታችንም ተሰናበትን፤ እኔ ወደ ወልቂጤ፣ እሱ ወደ ቡታጅራ። ልጠይቀው ስሄድ ጎረቤቶቹ ያደንቁታል። «በእምነቱ የጸና ወንድ ነው፤ ሚስቱ መቃብር ላይ እንኳ እንባ አልወጣውም» አሉኝ። ቤቱ ስገባ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ከስቷል። እንቅልፍ የለውም። ሕፃኗን የያዙት አማቱ ናቸው፤ እሱ አያቅፋትም። ስታለቅስ ተነስቶ ይወጣል።

«ደሜ፣ የማቴዎስ አባት አንተን ይጠብቃሉ» አልኩት። «እንሂድ» አለ።

ከወልቂጤ በሚኒባስ እምድብር ገባን፤ ከዚያ በእንሰቱ መሃል በእግር ሄድን። የማቴዎስ አባት በቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርተ ክርስቶስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የልጃቸውን መሞት ሰምተዋል፤ አሟሟቱን ግን የነገራቸው የለም።

«ልጄ ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለ ደምሴ።

«ንገረኝ። ምንም አታስቀርብኝ።»

ለአለቃ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ጀመረ፤ የት እንደነበርን፣ ተኩሱ ከየት እንደመጣ። ጀርባው ላይ ያዘለበት ጋ ሲደርስ፣ «መሞቱን ያወቅሁት... ሲከብደኝ ነው» አለ።

የሽማግሌው እንባ ወረደ። ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ባሉበት፣ ፊታቸውን በጋቢ ሳይሸፍኑ አለቀሱ። ያን ጊዜ ከደምሴ የወጣው ድምፅ ጉብታው ላይም ያልሰማሁት ነው። ማቴዎስን አልጠራም። «የሺዬ፣ የሺዬ» ይል ነበር። ለቅሶው የማቴዎስ ነው ብሎ ያረመው የለም። ሽማግሌው ነገሩ ገባቸውና ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«አልቅስላት ልጄ» አሉት። «ሰው የሌላት አትምሰል።»

ዳነ አልላችሁም። አሁንም ሌሊቱን በቁሙ የሚያነጋበት ጊዜ አለ። ልጁን ግን ያቅፋታል፤ ስሟንም እሱ ነው ያወጣላት። ደምሴ ከዚያ በፊት ባለማልቀሱ የበለጠ ወንድ አልነበረም፣ ከዚያ በኋላም በማልቀሱ ወንድነቱ አልጎደለም። እንባን ውጦ መኖር ይቻል እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ ለተወሰነ ጊዜ ይቻላል። ዋጋውን አይቻለሁ።

ወደ ጉብታው የወጣነው የጓዱ አባላት አሥራ አንድ ነበርን። አምስቱ ጉብታው ላይ ቀሩ። ማቴዎስ ቁልቁለቱ ላይ። ስንት ሰው ሞተባችሁ ሲሉኝ ግን ሰባት እላለሁ። የሺን በሕይወት ሳለች አላየኋትም፤ ከኛ ለይቼ መቁጠር ግን አልሆነልኝም።