ሠላሳ ጥማድ ስንት ነው?

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ደምሰው የምቀመጥበትን ወንበር ከማሳየታቸው በፊት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አሳዩኝ። በግራ በኩል ሄክታር፣ በቀኝ በኩል የፈረስ ጉልበት ይላል።

«ሰብለ፣ ሥራው ይኼው ነው» አሉኝ። «ገዢ ሲመጣ ሄክታሩን ትጠይቂያለሽ። ጣትሽን ከግራ ወደ ቀኝ ትወስጃለሽ። ያረፈበትን ትነግሪዋለሽ።»

ከአዳማ የእርሻ መሣሪያ ተምሬ የመጣሁ ነኝ። ትራክተር መሸጫችን ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት በአንድ ወረቀት ማለቁ ትንሽ ቢያሳዝነኝም፣ ሥራው ቀላል ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ረፋድ ድረስ ነበር። የመጀመሪያው ገዢ ገባ፤ ስንት ሄክታር እንዳለው ጠየቅሁት።

«ሄክታሩን እሚያውቀው ግብርና ነው» አለኝ። «እኔ ያለኝ ስድስት ጥማድ ነው።»

ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ጥማድ የሚል የለም። አቶ ደምሰው ከውስጠኛው ክፍል ሆነው ሰምተው ኖሮ «ለአራት አካፍዪው!» ብለው ጮኹ። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ማለታቸው ነው። አካፈልኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ስንት ጥማድ ለአራት እንዳካፈልኩ እኔም አላውቀው።

አንዳንዱ ገዢ ተመልሶ መጥቶ ያመሰግነኛል። አንዳንዱ ተመልሶ መጥቶ ይሰድበኛል። ሁለቱም የገዙት በአንድ ሠንጠረዥ፣ ያውም አንዳንዴ አንድ ዓይነት ትራክተር ነው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አቶ ደምሰውን ስጠይቃቸው «የሹፌር ነገር ነው» ይሉኛል። እኔም ለተሰዳቢነቴ ምክንያት በማግኘቴ ተጽናናሁ።

መሪጌታ ይኄይስ የመጡት ከእነዚህ ዓመታት ባንዱ፣ በሚያዝያ ማብቂያ ነው። ሐይቁ ዳር፣ ዘጌን ፊት ለፊት ከሚያየው መንደር ነው የመጡት። በደብራቸው ዜማ ያስተምራሉ፤ ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ደግሞ መሬታቸውን ባንድነት ያርሳሉ። ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ሠንጠረዡ ፊት ቆመው እንደ መጽሐፍ አነበቡት።

«ሠላሳ ጥማድ አለን» አሉኝ። «ሦስት ቤት የሚበላበት ነው። ልጄ፣ እስቲ አስቢበት።»

እኔ ግን አላሰብኩበትም፤ አካፈልኩት። ሰባት ሄክታር ተኩል ወጣ። ጣቴ ትንሿ ትራክተር ላይ አረፈ፤ ባለ ሠላሳ አምስት ፈረስ ጉልበት፣ ከባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ ጋር።

«ለማረስ ስንት ቀን አለዎት?» አልኳቸው። ይህም የሚጠየቅ ነበር፤ ሠንጠረዡ ከወር ሃያ አምስት የሥራ ቀን ይላል።

መሪጌታ ሣቁ። «ቅዳሜና እሑድን አውጪ። በአምስት አቦ ነው፤ በሰባት ሥላሴ። በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ በሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ በሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። የተረፈውን እናርሳለን።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ቢሆንም ትራክተር ፈጣን ነው፣ ይደርሳል ብዬ አለፍኩት።

ርክክቡ የተደረገው በግንቦት መጀመሪያ፣ መንደራቸው ውስጥ ከመንገዱ አጠገብ ያለው ቀይ አፈር ላይ ነው። ኦፕሬተራችን ጌትነት ማረሻውን ዝቅ አድርጎ ሲነዳ አፈሩ እንደ ቂጣ እየተገለበጠ ወጣ። ሁለት ጥማድ እስከ ምሳ አለቀ። መሪጌታ ትራክተሯን ባረኩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ያሏቸውን አራት በሬዎች ሸጡ። ይህን ሲነግሩኝ እኔም «ጥሩ አደረጉ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል» አልኩ። ይህን አፌን እስከዛሬ እረግመዋለሁ።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። «ልጄ፣ ነይ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከጌትነት ጋር ስንደርስ ትራክተሯ ከቁልቁለቱ በታች፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዋልካ መሃል ቆማለች። ያ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ማጣበቂያ ነው። ዲስኩ ሲገባ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ የፊት ጎማዋ ከመሬት ይነሣል። ከመሪጌታ ወንድሞች አንዱ ነዳጅ እየሰጠ ሲያስጨንቃት ፍሪሲዮኗ ተቃጥሎ ሽታው ከሩቅ ይመጣል። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀዩንም አታርስም።

«የሹፌር ነገር ነው?» አልኩት ጌትነትን ቀስ ብዬ።

«የሹፌር አይደለም» አለ። «ይቺ ለዚህ አፈር አልተፈጠረችም።»

አሥራ አምስቱ ጥማድ ቀይ፣ አሥራ አምስቱ ዋልካ ነበር ለካ። እኔ ሠላሳ ሲሉኝ ሠላሳ ሰማሁ እንጂ የት የት ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሮጣል። አቶ ደምሰውን ለምኜ በማሳያ ሜዳችን ካሉት ትልቁን፣ ከመቶ ፈረስ ጉልበት በላይ የሆነውን አስላክሁ። ዋዜማውን ዘንቦ ነበር። ትልቁ አንድ ትልም አወጣ፤ ሲያወጣ ግን ደስ ይላል። መጨረሻ ላይ ሊዞር ሲል ማሳው አጠረው። ለመዞር ብሎ የጎረቤትን ድንበር ጥሶ ገባና እዚያው በክብደቱ እስከ መሃል ጎማው ሰጠመ። እሱን ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ስንቆፍር ዋልን።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያያሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል» አሉኝ። «እኔ አንድ ጊዜ ጠምጥሜያለሁ። ላንቺ ግን ጥምጥሙ ይቆይሽ።»

ጌትነት ሣቀ። እኔም ልስቅ ሞክሬ እንባ መጣብኝ። ሰኔ ሊገባ ነው፤ ዝናቡ ከጠናበት ዋልካ ውስጥ ትራክተር የሚባል አይገባም። ዋልካው ላይ ሩዝ፣ ቀዩ ላይ ዳጉሳ ካልተዘራ ሦስቱ ቤት ዓመቱን የሚበላው የለም። በሬዎቹም የሉም።

በማግስቱ ጂፒኤስ ይዤ መጣሁና፣ መሪጌታ የየጥማዱን ወሰን እያሳዩኝ፣ መሬቱን ጥማድ በጥማድ ለካሁት። ስህተቴ የልኬት ከሆነ ቢያንስ ስህተቴን ልወቀው ብዬ ነው። የባሰ ነገር መጣ። ድምሩ ሰባት ሄክታር ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አንዱም ጥማድ ግን የሄክታር ሩብ አይደለም! ከላይ ቀዩ ላይ ያለው ሰፊ ነው፤ ከታች ሐይቁ ዳር ያለው ጠባብ ነው። ድምሩ ትክክል፣ እያንዳንዱ ስህተት። መሣሪያውን አጥፍቼ አበራሁት፤ እንደገና ለካሁ፤ ያው ነው።

«መሪጌታ፣ ትክክለኛው ጥማድ የቱ ነው?» አልኳቸው።

«ሁሉም» አሉኝ።

ራሴን አመመኝና ወደ ከተማ ተመለስኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ደቦ ጠሩ። ስንት ጥንድ በሬ እንደጠሩ በስልክ ስጠይቃቸው «ሃያ ስምንት» አሉ፤ ወዲያው፣ ሳያሰሉ። ሁለቱን ጥማድ ትራክተሯ አርሳዋለቻ።

ደቦው በዓል ያልሆነ ማክሰኞ ነበር። እኔ ከዕረፍቴ ላይ አንድ ቀን ወስጄ ሄድኩ፤ ማንም አልጠራኝም። ከየአቅጣጫው በሬ እየተነዳ መጣ፤ ሞፈርና ቀንበሩ በየትከሻው ነው። የመሪጌታ ታላቅ ወንድም ለእያንዳንዱ አራሽ የሚያርሰውን ያሳየዋል። ከላይ ላለው ሰፊውን፣ ከታች ላለው ጠባቡን።

እኔ በልቤ ተናደድኩ። ይኼ ግፍ አይደለም? አንዱ ሰፊ ሜዳ ሲሸከም ሌላው ጓሮ የምታህል አርሶ ይገላገላል። ማንም ግን አላጉረመረመም። እንዲያውም ጠባቡ ዋልካ የደረሳቸው ናቸው ፊታቸውን ያኮሳተሩት።

ቀኑን ሙሉ ከማሳው ዳር ካለ ዋርካ ሥር ተቀምጬ አየሁ። ቀዩ ላይ ያሉት በሬዎች እየተዘፈነላቸው ይሄዳሉ። ዋልካው ላይ ያሉት ሁለት ትልም ሄደው ይቆማሉ፤ አራሹ ማረሻውን በእንጨት ይጠርጋል፤ ይተነፍሳሉ፤ እንደገና ይጎትታሉ።

ጠላው ሲወጣ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከላይ አንዱ በሬውን ፈታ። ከታች አንዱ ፈታ። ከመሃል ፈቱ። ሃያ ስምንቱም እኩል ጨረሱ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ጂፒኤሱ እጄ ላይ ነው።

መሪጌታ አጠገቤ መጡ። «አየሽ? ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ ባንድ ቀን ጠምዶ የሚፈታበት ነው። አፈሩ ሲከብድ መሬቱ ያንሳል። አባቶቻችን በበሬው ትከሻ ነው የሰፈሩት።»

በሬ ሲጠመድ መቼም በልጅነቴም አይቼ ነበር፤ ቃሉም ራሱ ይናገራል። በዓመታት ውስጥ ያ ሁሉ ገዢ አፈሩ ምን ያህል እንደሚከብድ በገዛ አፉ ሲነግረኝ እኔ ለአራት እያካፈልኩ አጠፋሁት። ያመሰገኑኝ ቀይ አፈር ላይ ያሉት ናቸው፤ የሰደቡኝ ዋልካ ላይ ያሉት። በጣም አፈርኩ።

በማግስቱ ለአቶ ደምሰው ነገርኳቸው።

«ድምሩ ትክክል ነው አላልሽም?» አሉኝ።

«ነው። ትራክተሯ ግን ድምሩን አይደለም የምታርሰው፤ ዋልካውን ነው።»

ብዙ አጉረመረሙ፣ በመጨረሻ ግን ከመሪጌታ ትንሿን ተቀብለው ባለ ስድሳ አምስት ፈረስ ጉልበት፣ በአራቱም ጎማ የምትስብ፣ አጠር ያለች ትራክተር ለወጡላቸው። ማረሻዋ ያው ሁለት ዲስክ ነው። በደቦው የተገመሰው አፈር ላልቶ ስለነበር እርጥበቱ ሳይበዛ ገብታ ደገመችው። ሩዙ ተዘራ፤ ዳጉሳውም።

በጥቅምት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሩዙ ወደ ወርቅነት ሊዞር ነው። ትራክተሯ በጥላ ሥር ታጥባ ቆማለች። ከአጠገቧ ግን ሁለት በሬዎች ታስረው ያመሰኳሉ፤ ገና ያልተገሩ፣ አዲስ የተገዙ።

ግራ ገባኝ። ትራክተሯ እንደገና አልቻለችም ይሆን ብዬ ልቤ ደነገጠ።

«ትራክተሯማ ደኅና ናት» አሉ መሪጌታ። «ታርሳለች፤ ስብሐት ለእግዚአብሔር።»

«ታዲያ በሬዎቹ ለምንዎ?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ሃያ ስምንት ሰው በሬውን ይዞ መጣልኝ። እነሱ ሲጠሩኝ ምን ይዤ ልሂድ? ያቺ እንደሁ ካንዱ ማሳ ወደ ሌላው ስትሻገር የሰው አዝመራ ትረግጣለች። ባዶ እጄን ሄጄ ጠላ ልጠጣ?»

ያን ጊዜ ነው «ጥሩ አደረጉ» ያልኳቸው ትዝ ያለኝ። አራቱን በሬ ሲሸጡ ከመንደሩ ጋር ያስተሳሰራቸውን ነገር ነበር የሸጡት፤ እኔም አጨበጨብኩ። ለዚህ የሚሆን መስመር በሠንጠረዡ ውስጥ የለም፤ የት ላይ እንደሚጻፍም እስካሁን አላውቅም።

ከሠንጠረዡ ግርጌ በእርሳስ «በበሬ ስንት ቀን? የት የት?» ብዬ ጽፌ ነበር። ቢሮው ቀለም ሲቀባ ሠንጠረዡ ተነሥቶ አዲስ ተለጠፈ፤ የእኔ ጽሑፍ የለበትም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ እዚህ ልጻፈው። ገዢው ጥማድ ሲላችሁ አታካፍሉት፤ ከባዱ አፈር የትኛው እንደሆነ ጠይቁት፣ ትራክተሩንም ለእሱ ምረጡ። ከመምረጣችሁ በፊት ሄዳችሁ ማሳው ላይ ቁሙ። በሬዎቹን ሊሸጥ ሲነሣ ደግሞ አንድ ጥንድ እንዲያስቀር ንገሩት።