ሰባት ቀይ ልብ

ከመምህራን ስብሰባ ስወጣ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ጠበቁኝ። በስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ መልሱን ጣቢያ ትሰማለህ አሉኝ። የደብረ ታቦር ሐምሌ ነው። ወደ እስር ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ጋቢ ሽታ ነበር። ቀጥሎ አሥራ ሦስት ሰዎች እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቁልኝ።

የቀኑ ርዝመት ከብርዱ ይብስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከሲጋራ ፓኮ እየቆረጥሁ ሃምሳ ሁለት ካርታ ሠራሁ። ጥቁሩን በከሰል፣ ቀዩን በፍተሻ ሳትታይ በኮቴ ኪስ ውስጥ በቀረችው የእርማት እስክሪብቶ ሣልሁ። መጫወቻ ግን አላደረግሁትም፤ ማስተማሪያ አደረግሁት።

ዘዴው ቀላል ነው። የምታውቀውን መንገድ ምረጥ። የእኔ ከተከራየሁበት ቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው ነው። በመንገዱ ላይ ሃምሳ ሁለት ቦታ በቅደም ተከተል ለይ፤ የግቢው በር አንድ፣ የውኃ ቧንቧው ሁለት፣ እያልህ። ከዚያ የተበወዘውን ካርታ አንድ በአንድ እያየህ በየቦታው አስቀምጥ። ጥቁሩ ንጉሥ ቧንቧው ላይ እጁን ይታጠብ። ሲጠይቁህ መንገዱን በሐሳብህ ትሄዳለህ፤ ካርታዎቹ ባቆምሃቸው ቦታ ይጠብቁሃል።

እኔ ራሴ ከአርባ ስምንት አልፌ አላውቅም። ለክፍሉ ግን በቂ ነበር። ሁሉም ቲቸር ይሉኝ ጀመር፤ ዳቦ ሲታደል መጀመሪያ ቦታ የሚለቀቀው ለእኔ ሆነ። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ከጉና በኩል አንድ መሪጌታ አመጡ። የማኅሌት አቋቋም የሚያስተምሩ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ምዝገባው ላይ ወስደውባቸዋል። ሁለት ቀን ጥግ ይዘው ትምህርቴን ሰሙ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፣ ቁማር ካልሆነ እሳቸውም ቢሞክሩ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ስለማያዩ የተበወዘውን ካርታ እኔ አነበብሁላቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። በልማዴ እኔም እያንዳንዱን ካርታ መንገዴ ላይ አስቀመጥሁ።

ካርታው በእጄ ነው። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ ለሰው አሳያለሁ። ሃያ ስድስቱን ሳይደናቀፉ ተወጡት።

ከእኛ መካከል ነገር የሚወድ ከአንበሳሜ የመጣ አንድ እህል ነጋዴ ነበር። እሳቸውም በቲቸር መንገድ እየሄዱ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«እኔ የትም አልሄድሁ» አሉ። «ማኅሌት ቆሜያለሁ። አብረውኝ ከተማሩት ሃያ ስድስቱን በቀኝ፣ ሃያ ስድስቱን በግራ አቁሜ እያንዳንዱን አንድ ካርታ አስያዝሁት።»

«ንግሥቶቹንስ መሪጌታ? ሴት ማኅሌት ትቆማለች?»

«ንግሥት የደረሰው ልጅማ አፍሮ ከመቋሚያው ኋላ ተሸሽጓል።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። በእኔ ትምህርት እንዲህ ተስቆ አያውቅም። ነጋዴው እንባውን እየጠረገ «የኔታ፣ ይቀጥሉ» አለ። የኔታ የሚለውን ስሰማ ካርታውን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። ዘዴውን ከእኔ ወሰዱት እንዳልል፣ የእሳቸው እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው።

ሠላሳ አንደኛው ላይ፣ በግራ በኩል አምስተኛው ልጅ ዘንድ ሲደርሱ፣ «ሰባት ቀይ ልብ» አሉ።

በእጄ ያለው ሰባት ቀይ ልብ ነው። ለማንም ሳላሳይ ገለበጥሁትና «ስምንት ነው» አልሁ።

«ስምንት?»

«ስምንት።»

በእነሱ ትምህርት ቤት መጽሐፉን የያዘ ሲያርም ተማሪ አይከራከርም፤ የተሳሳተም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጋቢያቸውን አስተካክለው ከአንድ ጀመሩ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ድምፃቸው ሳይለወጥ «ስምንት ቀይ ልብ» አሉ። አርባ አራተኛው ላይ ግን ዝም አሉ።

በእጄ የነበረው እውነተኛው ስምንት ቀይ ልብ ነው። ከሃምሳ ሁለቱ አንዱም ሁለት ጊዜ እንደማይመጣ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ያለ መነጽር ምን ያህል እንዳዩኝ አላውቅም።

«ይቺ ጠፋችብኝ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ነጋዴው ቲቸርን የሚችል እንደሌለ ተናገረ። የሰው ዓይን ወደ እኔ ተመለሰ። የፈለግሁትን አገኘሁ፤ ሊቆይልኝ ግን አልቻለም። መሪጌታ መዋሸቴን አውቀው በዚያ ክፍል ያላቸውን ክብር ሁሉ ለእኔ ሲሉ ጥለውታል። የገለበጥሁትን ካርታ ፈልጌ ሁሉም እንዲያዩት ከፍ አድርጌ ያዝሁት።

«ሰባት ነው። መሪጌታ አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ የዋሸሁ፤ አውቄ።»

መሪጌታ ካርታውን በሙሉ ከእጄ ተቀብለው ለነጋዴው ሰጡት።

«እኛ ቤት የተሳሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል» አሉኝ። «ጀምር።»

በሰው ፊት ቆሜ ከግቢው በር ጀመርሁ። አምስት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ አምስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ማንም አልሳቀም። ጠባቂው ለቆጠራ በሩን ሲከፍት ሃምሳ ሁለተኛው ላይ ነበርሁ።

ከተፈታሁ በኋላ ዛሬም በዚያው መንገድ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ቧንቧው ላይ የሚታጠብ ንጉሥ የለም፤ ሃምሳ አንዱን ረስቻቸዋለሁ። ሠላሳ አንደኛው ቦታዬ ወፍጮ ቤቱ ነው። ሰባት ቀይ ልብ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል። ዘንድሮ ሂሳብ ከእኔ ቀድሞ የሚሠራ አንድ ተማሪ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ እርምጃዬን ቀነስ አደርግና የልጁን ደብተር የማርምባትን ቀይ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ እዳስሳለሁ።