በካርዶቹ ጀርባ የተጻፉ ጎረቤቶች

ትእዛዙ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰን። በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ራሰ በራውን ኮረብታ እንድንይዝ ነበር። ጓዱ አሥራ አንድ ሰው ነው፤ አብዛኞቻችን ከናዝሬት እስከ አርሲ ነገሌ ያለው መንገድ ልጆች ነን። መሪው እኔ ነበርኩ።

ጠመንጃችንን ወልውለን ስንጨርስ ግርማ ካርዶቹን አወጣ። ግርማ የባቱ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ካርዶቹን አባቱ በወጣትነታቸው ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ሲሸከሙ፣ መንገደኞች ከሚጥሉት የውጭ ሲጋራ ፓኮ ውስጥ እያወጡ የሰበሰቧቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የመድረክ ሴት አለች፤ ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥ፣ ባለ ላባ ባርኔጣ ተዋናይት።

ከውጊያ በፊት ልማድ ነበረን። እያንዳንዱ አንዷን ይመርጥና በጀርባዋ ስሙንና የአንድ ጎረቤቱን ስም ይጽፋል። የእናቱን አይጽፍም። የተጻፈባቸውን ካርዶች ግርማ ይይዛቸዋል። ቢወድቅ መርዶው መጀመሪያ ለጎረቤቱ ይደርሳል፤ ጎረቤቱም ሽማግሌ አስከትሎ ማለዳ እናቱ ዘንድ ይገባል። ጭንቃችን እናት የልጇን ሞት ገበያ መሀል ከአላፊ አግዳሚ እንዳትሰማ ነበር።

«አሥር አለቃ፣ ይቺን ውሰድ፤ ቀጭን ናት፣ ብዙ አትበላም» አለኝ ግርማ።

«ባለትዳር ነኝ። ስሜን በተወዛዋዥ ጀርባ አልጽፍም።»

«እሷስ ይሄን ፊትህን አይታ መች እሺ አለች?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ተቆጣሁ። ልጆቼ፣ ሥነ ምግባር ጠብቄ እንዳይመስላችሁ፤ ኩራት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩስ ተከፈተ። መትረየስ ከቀኝ ያዘን። እየተሳብን ወጣን። ሁለት ሰዓት ላይ ኮረብታው በእጃችን ገባ። እኔ ክንዴን ተመታሁ። ግርማ ጫፉ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው ወደቀ።

ካርዶቹን ከደረት ኪሱ አወጣኋቸው። በአንዷ ጀርባ፣ በእሱ እጅ ጽሕፈት፣ የእኔ ስም አለ፤ ከሥሩ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች። በጨዋታ መሀል ስለ ሰፈሬ ይጠይቀኝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው። ሳጥኔ ውስጥ አይታችሁ የሳቃችሁባት ተወዛዋዥ የዚያች ካርድ ሴት ናት።

ለሕክምና ወደ ኋላ ስላክ ፈቃድ ተሰጠኝ፤ የግርማንና የሌሎች ሦስት ሟቾችን ካርዶች ይዤ ወረድኩ። ሞጆ ገባሁ፤ መቂ ገባሁ። ባቱን ግን አልፌ ነገሌ ሄድኩ፤ ድፍረት አጥቼ ነው። ስመለስ ገባሁ።

የግርማ ጎረቤት ጋሽ ሁሴን መረብ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። መርዶውንና የካርዱን ልማድ ነገርኳቸው። ካርዱን ተቀብለው በጀርባው ስማቸውን አነበቡ፤ ገልብጠው ሴቲቱን አዩ።

«አባቱ ከሚስቱ የደበቃት ይቺን ነበር» አሉ ፈገግ ብለው። ፈገግታው ሳይጠፋ እንባቸው ወረደ። «እኔን መረጠ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እርስዎን።»

መረቡን አስቀመጡ። ያን ቀን ለእናቱ ምንም አልተነገራቸውም። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ገባን።

ከአሥራ አንዳችን የወደቁት አራት ናቸው። ኮረብታውንም ከሳምንት በኋላ ለቀን ወጣን፤ ይህን አልደብቃችሁም። ከአራቱ እናቶች ግን አንዷም መርዶዋን መንገድ ላይ አልሰማችም።