የአሥር አለቃ ደሞዝ እጅ መንሻ

ደሞዝ ወልደ ጻድቅ በ1947 ዓ.ም. አሥር አለቃ ሆነ። በ1966ም አሥር አለቃ ነበር። ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ደሞዝን ነው፤ ሰካራም ይሆናል፣ አንድ ጊዜ ከድቶ ይሆናል፣ ወይም ፊደል አይለይ ይሆናል ይላል። ደሞዝ መጠጥ አይቀምስም። ከዘብ ተራው አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ንባቡንና ጽሕፈቱን ገና በልጅነቱ በአገሩ በዋግ፣ ጋዝጊብላ ውስጥ ከአባቱ ከቄስ ወልደ ጻድቅ ተምሮ ነው የመጣው። ዒላማ ተኩስ ላይ ደግሞ በጦር ሰፈሩ አቻ አልነበረውም። ታዲያ ምን በድሎ ነው እንዲህ የቀረው? የበደለው በደል አንድ ቅል ማር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። በጦር ሰፈሩ ደንብ ሚስቱን አምጥቶ የሚያኖርበት ሁለት ክፍል ቤት የሚሰጠው ከሃምሳ አለቃ ጀምሮ ላለ ሰው ነው። ከዚያ በታች ያለው በረጅሙ አዳራሽ ውስጥ በብረት አልጋ ይተኛል፤ ሚስቱ አገር ቤት ትቀመጣለች። ስለዚህ ሃምሳ አለቃነት ለደሞዝ ክንድ ላይ የሚሰፋ ጨርቅ አልነበረም፤ ጥሩሐረግ ነበረች። ያገባት ሊቀጠር አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ፈቃድ ያገኝና እስከ ኮረም በጭነት መኪና፣ ከኮረም ወዲያ በእግሩ ተጉዞ ቤቱ ይገባል። ጥሩሐረግ እግሩን እያጠበች የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ሳይሆን አይቀርም» ይላታል።

ማሩን መላክ ያሰበችው እሷ ናት። አለቃው በዚያን ጊዜ መቶ አለቃ ምንዋጋው የሚባሉ ሰው ነበሩ። «ሰውዬውን ባዶ እጅህን ነው እንዴ የምትለምናቸው?» አለችው። በእነሱ አገር ትልቅ ሰው ዘንድ በባዶ እጅ መቅረብ ነውር ነው። ከአማቷ የቀሩ ሰባት ቀፎዎች ጓሮ ነበሩ። ሴት ማር ትቆርጣለች ብሎ መንደሩ ሲያማት፣ «ባሌን አምጡልኝና እሱ ይቁረጥ» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ፊቷንና እጇን በነጠላ ጠቅልላ፣ ኩበት አጭሳ ትቆርጣለች። አንድ ዓመት ዐይኗን ነድፈዋት ሳምንት ሙሉ ሳታይ ሰንብታለች። የዋግ ማር ነጭ ነው፤ ሲረጋ እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ከዚያ ማር ለራሷ አንድ ጣት አትልስም፤ ቅሉን ጢም አድርጋ ሞልታ፣ አፉን በሰም አትማ ታሸክመዋለች።

መቶ አለቃ ምንዋጋው ቅሉን ሲከፍቱ ፊታቸው በራ። «አንተ ደሞዝ፣ ሰው ነህ! አልረሳህም» አሉት። ደሞዝም አመነ።

እውነትም አልረሱትም። በዓመቱ ኅዳር ሲገባ ራሳቸው አስጠርተው «ፈቃድ አትወጣም እንዴ?» ይሉት ጀመር። የማሩን እኩሌታ ለቤታቸው ያስቀሩና እኩሌታውን በሌላ ዕቃ አስገልብጠው ወደ አንድ ትልቅ ሹም ቤት ይልካሉ። ተሸካሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ደሞዝ! የሚስቱን ማር በትከሻው ተሸክሞ፣ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «መቶ አለቃ ምንዋጋው ልከውኝ ነው» ይላል። መቶ አለቃው ሻምበል ሆኑ። ሻምበሉ ሻለቃ ሆኑ። በሹመታቸው ሁሉ ደሞዝን ከእጃቸው ሳያወጡ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘውት ዞሩ። ማሩስ ሰው ሾሟል፤ የሾመው ግን ሌላ ሰው ነው። ደሞዝ ተኩስ ያስተማራቸው ጎረምሶች ሃምሳ አለቃ እየሆኑ ሲያልፉት፣ ቆሞ ሰላምታ ሰጣቸው።

እንዲህ እንዲህ እያለ 1966 ደረሰ። ያን ኅዳር ደሞዝ አገሩ ሲገባ መንገዱ በሰው ተሞልቶ አገኘው፤ ሁሉም የሚሄደው እሱ ወደመጣበት፣ ወደ ኮረም ነበር። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። ጥሩሐረግ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የአንገቷ አጥንት ተቆጥሮ ያልቃል። ተነሥታ እግሩን ልታጥብ ብትል ከለከላት። ጓሮ ገብቶ ቀፎዎቹን አንኳኳ፤ ድምፅ የለም። የሚቀስሙት አበባ ሲያጡ ንቦቹ ጥለው ሄደዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሴትዮዋ የምታፍርበትን ነገር ስሙ።

«ዘንድሮ ቅሉን ሳልሞላልህ» አለችው አንገቷን ደፍታ። «ጌቶች ይቀየሙህ ይሆን?»

ደሞዝ ስንቁን በሙሉ፣ ያለውንም ብር አስቀምጦላት ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ የሚያስበው፣ ለሻለቃው ምን እላለሁ እያለ ነበር። በዚህ በኋላ ሲናደድ ኖሯል፤ የአገሩ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ እያየ እሱ የጌታውን ፊት ይፈራ ነበር።

ሻለቃ ምንዋጋው እጁን አዩ። «የታል?»

«ጌታዬ፣ አገሩ ጠፍቷል። ሰው የሚቀምሰው የለም። ንቡም ሄዷል።»

«ሁሉም? የሚመጣውስ ዓመት?»

«ንብ አንዴ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ እንጃ።»

ሻለቃው፣ በል ሂድ አሉት። ስለ ሚስቱ አልጠየቁም። በስምንተኛው ቀን ደሞዝ በሰልፍ ፊት ተጠርቶ የሃምሳ አለቃነት ማዕረግ ተሰጠው፤ ወደ አንድ የማሠልጠኛ ክፍልም ተዛወረ። ጓደኞቹ አቀፉት። እሱ ግን ግራ ገባው። አሥራ ስምንት ዓመት ማር ሲያመጣ ያልመጣ ሹመት፣ ባዶ እጁን በመጣ በሳምንቱ እንዴት መጣ?

የመለሰለት፣ ሻለቃው እንደ እሱ ሁሉ በየክፍሉ ይዘውት የዞሩት ጸሐፊ ገብረ ሊባኖስ ነው። ሽማግሌው ጸሐፊ ፋይሉን ለዝውውር ሲያዘጋጅ በሩን ዘጋና ሦስት ደብዳቤዎች አወጣለት። ማሠልጠኛው በ1951፣ በ1956 እና በ1961 ደሞዝን በስሙ ጠቅሶ፣ በሃምሳ አለቃነት ማዕረግ ተኩስ እንዲያስተምርልን ብሎ ጠይቋል። ከየደብዳቤው ግርጌ የሻለቃው መልስ አለ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው፦ «ለክፍሉ ሥራ እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ አይለቀቅም።»

«እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ንቡ ሄደ ባልካቸው ማግስት ደግሞ ‹ይለቀቅ› ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ» አለ ገብረ ሊባኖስ። «ፈራሁ ወንድሜ። ልጆች አሉኝ።»

ደሞዝ ሦስቱን ወረቀት እንደያዘ ሻለቃው ቢሮ ገባ። ሰላምታ አልሰጠም። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ሰላምታ የነሣው ያን ቀን ብቻ ነው። «የትኛው ሥራ ነው ጌታዬ?» አለ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ። «የትኛው ሥራ ነው ያለ እኔ የማይሠራው?»

ሰውዬው አልደነገጡም፤ አላፈሩምም። «እንዳንተ ያለ ታማኝ ሰው ማን ይለቃል?» አሉ ፈገግ ብለው። «ያስቀረሁህ እኮ ስለምወድህ ነው።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ቢመቱት ይሻለው ነበር። በዚያች ሰዓት ሰውዬውን ያላነቃቸው በቤቱ ቁልፍ ምክንያት ብቻ ነው፤ ቁልፉ ገና አልተሰጠውም ነበር። እንዲህ ነው ሰውን አስረው የሚይዙት። ወረቀቶቹን ለቅሞ ወጣ።

ቁልፉን በተቀበለ ማግስት ጥሩሐረግን ሊያመጣ ሄደ። መንገዱን ሁሉ እውነቱን ሊነግራት ቆርጦ ነበር። ደርሶ ክንዱ ላይ ያለውን አዲስ ምልክት ስታይ ግን ከነገሩ በፊት ቁልፉን አወጣላት። ጥሩሐረግ ምልክቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ቁልፉን ተቀብላ ጉንጯ ላይ አደረገች፤ ከዚያ አለቀሰች።

«አላልኩህም?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ሰውዬው ማሬን አልረሱትም። ይኸው ባዶ እጅህን በሄድክበት ዓመት እንኳ አሰቡልህ። እግዜር ይስጣቸው!»

ደሞዝ አፉን ከፈተ። አሥራ ስምንት ቅል ማር፣ ያበጠው ዐይኗ፣ የመንደሩ ሐሜት፣ ብቻዋን ያሳለፈቻቸው ክረምቶች ሁሉ ፊቱ ተደቀኑ። በገዛ እጇ በር ስትዘጋ ኖረች ብሎ ለዚች ሴት እንዴት ይነገራል?

«አዎ» አለ።

ከዚያ ጓሮ ወጣ። የመጀመሪያውን ቀፎ ከመደቡ ጎትቶ ጣለና በወታደር ጫማው ረገጠው። ሁለተኛውን ደገመ። ሦስተኛውን ሲሰብር እየጮኸ ነበር፤ ምን እንደሚል ግን አይሰማም። ጥሩሐረግ ኳኳታውን ሰምታ በግድግዳው ተደግፋ ብቅ አለች። ለመንገድ ማገዶ የሚያዘጋጅ መሰላት።

«ተው እንጂ፣ ሁሉንም አትስበር» አለችው። «አንዱን እንኳ ተውልኝ። ንብ የገባበት ዓመት ለሻለቃው የምስጋና እንልክላቸዋለን።»