በሰባት ቀበሌ መሬት ያለው ሰው

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። ኮምፒውተር ያውቃል ተብዬ፣ ለምስጉን ቡና ገበሬዎች የምስክር ወረቀት የሚያትም ፕሮግራም አዲስ አበባ ጽፌ ዲላ ወረድኩ። ስሞክረው በፕሮግራሙ አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ የራሴን ስም አስገብቼ ነበር። ደኅና ሠርቷል።

ዲላ ስደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። ወረቀቶቹ እዚያው ካለው ኮምፒውተር ማተሚያ እንደወጡ፣ ማንም ሳያያቸው ወደ አዳራሹ ተወሰዱ። ካድሬው ማይክሮፎኑን ያዘና፣ «ከኮንጋ ቀበሌ፣ ታደለ ዘውዴ!» አለ።

የእኔ ስም ነው። ሞክሼ አገኘሁ ብዬ አብሬ አጨበጨብኩ። የተነሣ ሰው ግን የለም።

«ከጪጩ፣ ታደለ ዘውዴ!»

አንድ ሽማግሌ፣ «እኔ ጪጩ ተወልጄ ጪጩ አረጀሁ፤ ይህን ሰው አላውቀውም» አሉ።

ሦስተኛውም ታደለ ዘውዴ ሲባል፣ ለማጨብጨብ ያነሣሁት እጄ አየር ላይ ቀረ። ትናንት ደኅና የነበረ ፕሮግራም ምን ነካው? ኋላ ነው የገባኝ፦ የአዲስ አበባው ማሽን ስሜን እዚያችው የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ ያስቀረዋል፤ የዲላው ሌላ ዓይነት ስለሆነ ስሜ ከክፍሏ ወጥቶ የገበሬዎቹን ስም ሁሉ ተክቷል።

ሰባተኛው ላይ የካድሬው ፊት ተለዋወጠ። «ጓዶች! መሬት ላራሹ ታውጆ፣ አንድ ሰው በሰባት ቀበሌ የቡና መሬት ይዟል! ይህ አድኃሪ ዛሬውኑ ይያዝ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ካድሬው ወደ እኔ ዞረ።

«የመያዣ ደብዳቤውን በማሽንህ አትምልን። ለመሆኑ ጓድ፣ ስምህ ማን ነበር?»